ሦስት ጊዜ ብላ የሚል ቀኖና

እኔ ዝም ብሎ የሚታመም ሰው አይደለሁም። እኔ ስታመም ጎረቤቱ ሁሉ አብሮኝ ይታመማል። ባለቤቴ እናኑ «አንተን ጉንፋን ከያዘህ ቀበሌው ስብሰባ ይጠራል» ትለኝ ነበር። ያኔ ቀበሌው ለዶሮ ጠብም ስብሰባ ይጠራ ስለነበር ብዙም አላጋነነችም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው እውነተኛ ሕመም ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ላጫውታችሁ። መጨረሻው ደስታ ነውና ሳትሰጉ አንብቡት። ለሁሉም ሰው ቢጠቅም ደስ ይለኛል፣ ይበልጥ ያሰብሁት ግን እንደኔ ላለው ደረቅ ጾመኛ ነው።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሠፈር ነበር። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበርሁ። እናኑ ቤቱንና ሁለቱን ሴቶች ልጆቻችንን ትይዛለች። አባቴ ደብተራ ስለነበሩ ያደግሁት ዜማ እየሰማሁ ነው። ማሽን ጠጋኝ የሆንሁትም ድምፄ ለማኅሌት ስላልበቃ ነው፣ ይህን አባቴ ራሳቸው መስክረዋል። ጾም ግን ድምፅ አይጠይቅምና በዚያ በኩል ማንም አይቀድመኝም ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በመስቀል ሰሞን ነው። ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ። ጧት ሸሚዜ ቢጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። ባሕር ዳር ላይ በመስከረም የሚንቀጠቀጥ ሰው ወባ እንደያዘው ሕፃን ልጅም ይነግራችኋል። የሠፈራችን ክሊኒክ ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋውና ቁስል የሚያጥበው ማለቴ ነው፣ ገና ከበር ስገባ አይቶኝ «ወባ ነች» አለና ያንን እሬት የመሰለ ክኒን ሰጠኝ። ለጥቂት ቀን ቀለል አለኝ። ሥራ ገባሁ፣ ሰውም «እንኳን ማረህ» አለኝ። ሳምንት ሳይቆይ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ፣ ያውም ብቻውን አልመጣም። በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ውጋት ይዞ መጣ። ደግሞ የሚገርመው ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ጎኔን የሚወጋኝ በሽታ ትከሻዬ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ ያልተባልሁት የለም። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ነጭ ፈሳሽ ሰጠኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፣ ፊቴንም ቀቡኝ። ሦስተኛው ክሊኒክ ስደርስ ደረቅ ሳል ጀምሮኝ፣ ቀበቶዬም አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለት ነበርና ሳንባ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሳንባ ማለት ያኔ ሰው በሹክሹክታ ብቻ የሚናገረው ቃል ነው። እናኑ በዚያው ቀን የኔን ኩባያ ለብቻ አስቀመጠች፣ ልጆቹንም ከአልጋዬ አራቀቻቸው። ትንሿ ልጃችን በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ መግባት ይቻላል?» ትለኛለች። አይቻልም ስላት እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ትላለች። ያ ከውጋቱ ይልቅ አመመኝ። በእናኑ ተቆጥቼ ለሁለት ቀን አኮረፍኋት፣ እሷ ግን ኩርፊያዬን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ሾርባዬን እያመጣች አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። በኋላ ሳስበው ልጆቼን መጠበቋ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

ሌሊቱ ክፉ ነው። ቀን ሰው ይገባል ይወጣል፣ ቀልድ አይጠፋም። ሌሊት ግን ውሻው ሲጮህ፣ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ሲያጓራ፣ ሰው ስለ ሞቱ ያስባል። ልጆቼን ማን ያስተምራቸዋል፣ እናኑስ ወደ አባቷ አገር ትመለስ ይሆን እያልሁ እገላበጣለሁ። ፈርቼ ነበር፣ መደበቅ አያስፈልግም።

ሥራ ቦታ የቀረሁበት ጊዜ ሲበዛ ፋብሪካው ወደ ሆስፒታል ጻፈልኝ። የሄድነው በታኅሣሥ መባቻ ነው፣ ሌሊት ተነሥተን። ቀድመን የደረስን መስሎን ነበር፣ ለካ አግዳሚ ወንበሩ ከማታ ጀምሮ ሞልቷል። ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ፣ ከዚያ ተንሸራተትሁና መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ከጢስ ዓባይ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ቆዩና ተራቸው ሲጠራ ተነሡ፣ ለጠሪዋ በእሳቸው ፈንታ እኔ እንድገባ ነገሯት። እምቢ ብላቸው «እግሬ ነው፣ እስከ ነገም አይሸሽም» አሉኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ገባሁ። ዛሬም በጸሎቴ የጢስ ዓባዩ አባት እያልሁ ነው የማነሣቸው።

ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነበር። ብዙ አያወራም። አስተኛኝና ከጎድን አጥንቴ ሥር በጣቱ ጫን ሲያደርገኝ የጮኽሁት ጩኸት ውጭ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሁሉ አስነሣ አሉ። እሱ ግን ደስ ያለው መሰለ። ከክረምቱ ወዲህ ተቅማጥ ይዞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አፈርሁ። በነሐሴ ደም የቀላቀለ ቁርጠት ይዞኝ በፌጦ አስታግሼው ነበር፣ ለማንም አልተናገርሁም፣ ለእናኑም ጭምር። ስነግረው እናኑ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ያንን አይቼ ሐኪሙን ፈርቼ ሳይሆን እሷን ፈርቼ ጣራ ጣራውን አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሜባ የሚሉት፣ በውኃና በምግብ የሚገባው ተውሳክ፣ ከአንጀቴ ተነሥቶ ጉበቴ ውስጥ ገብቶ መግል ቋጥሯል። እብጠቱ ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው ትከሻዬን ያመመኝና ሳል የጀመረኝ። ሳንባም፣ ወባም፣ ጨጓራም አልነበረም። ሐኪሙ መግሉ ወደ ውስጥ ከፈነዳ የሚያደርገው ነገር እንደማይኖር ሳይሸፍን ነገረኝ። ከዚያ ክኒኑን ሰጠኝ።

«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አለኝ። «በአምስት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ይለቅዎታል። ካልለቀቀዎት ሆድዎን ልንከፍት ነው።»

ስንወጣ እናኑ «አምስት ቀን ምን አላት» አለችኝ። እኔም «አዳምም እኮ አምስት ቀን ተኩል ተብሎ ነበር» አልኋት። አዳም ከገነት ሲወጣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ መጥቼ አድንሃለሁ የሚል ቃል ተሰጥቶታል ይባላል። በእግዚአብሔር ዘንድ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆነበት። ነቢያቱ በየዘመናቸው ያንን ቃል ይዘው ይወርዳል፣ ይወለዳል እያሉ ጾሙ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና የምንጾመው የእነሱን ጾም ነው። እናኑ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ስስቅ ጎኔን ወጋኝ።

እንግዲህ ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጾሙን ከያዝሁ ሁለት ሳምንት አልፎኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አልቀምስም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ እበላለሁ፣ በቃ። እናኑ በሽተኛ አይጾምም ብላ ተጣልታኛለች፣ ጧት ሽሮ ሠርታ ፊቴ አስቀምጣ አልቅሳለች። እኔ ግን የደብተራ ልጅ ነኝ፣ ጥቅስ አላጣም። ፈውስ እየለመንሁ እንዴት ጾም እገድፋለሁ እያልሁ አፏን አስያዝኋት። ሐኪሙ ከምግብ በኋላ ብሎኛል። እኔ የምበላው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በልቼ አንድ ጊዜ እውጣለሁ። ይህ ለኔም ለእናኑም ትክክል መሰለን። በባዶ ሆድ ብውጠው የሐኪሙን ትእዛዝ ማፍረስ ነው፣ ጧት ብበላ የቤተ ክርስቲያኑን ማፍረስ ነው፤ ሁለቱንም ያከበርሁ ጎበዝ ሰው እኔ ነበርሁ።

አምስቱ ቀን አለቀ፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም። እንዲያውም ውጋቱ ባሰበት፣ ወደ ቀኝ መተኛት አቃተኝ። ሰኞ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ ቀጠሮው የቢላዋ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ሆስፒታል ሆዱ ተከፍቶ በእግሩ የወጣ ሰው ባውቅም ትዝ የሚለኝ ያልወጣው ብቻ ነበር። እናኑን አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ልጆቹ አንዳንድ ነገር ልነግራት ስጀምር ጆሮዋን ይዛ ተነሣች። ወደ ወደቡ ሄዳ ለታንኳ ቀዛፊዎቹ መልእክት ሰጠች፤ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላሉት ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሥላሴ እንዲነግሩላት።

አባ በማግሥቱ እሑድ መጡ። ዕለቱ ስብከት ነው፤ ከገና በፊት ካሉት ሦስት እሑዶች የመጀመሪያው፣ ነቢያት ስለ ልደቱ መናገራቸው የሚታሰብበት። አባ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን ካህን በሠራተኛ ቤት ሲገባ የሚመለከት ዓይን ስለነበር መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር ይዘውታል። በራችን ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አግኝቷቸው ኖሮ እኛ ስንሰማ ደነገጥን። እሱ ግን ግራ ቀኝ አየና ቆቡን አውልቆ መስቀሉን ተሳልሞ ሄደ። አባ ይህን እየሳቁ እየነገሩን ገቡ፣ ጸሎት አደረሱልኝ፣ ጠበል ረጩኝ፣ ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና መድኃኒቱን በሥርዓት እየዋጥሁ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ሳላጓድል አባ። ከምግብ በኋላ ተብያለሁ፣ በበላሁ ቁጥር እውጣለሁ።»

«ስንት ጊዜ ትበላለህ?»

ይህችን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ትራሴን ተደግፌ ቀና አልሁና በዚህ ሁሉ ሕመም ጾሜን እንዳልገደፍሁ፣ ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቄ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምበላ ነገርኋቸው። ምርቃት ጠብቄ ራሴንም ዝቅ አደረግሁ። ቀና ስል አባ እናኑን እያዩአት ነው፣ እናኑ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እሷ ከኔ ቀድማ ገባት።

«ሦስት ጊዜ ዋጥ ያለህን አንድ ጊዜ ነው የምትውጠው?» አሉኝ አባ።

ያን ጊዜ ነው እኔም የነቃሁት። ሐኪሙ የሰጠኝን መድኃኒት ሲሶውን ብቻ እየወሰድሁ መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ሆዴን ለቢላዋ ላዘጋጅ ነበር።

አባ ይቆጡኛል ስል ጥያቄ ጀመሩ። አባቴ ዜማ ሲያስተምሩ እንዲህ ነበር የሚጠይቁት፣ እያንዳንዱን ቃል እያስረገጡ።

«ነቢያት ለምን ጾሙ?»

«ይወለዳል ብለው፣ ቃሉን ተስፋ አድርገው።»

«ተወለደ ወይስ አልተወለደም?»

«ተወልዷል እንጂ አባ።»

«ታዲያ አንተ ጌታ እንዳልተወለደለት ሰው ለምን ራስህን ትገድላለህ? እነሱ ሳያዩ ነው ያመኑት። አንተ በእጅህ ያለው የተፈጸመ ቃል ነው። ያንን የሚያህል ቃል የጠበቀ አምላክ የአንተን ጉበት ይረሳል ብለህ ነው በረኀብ የምትጎትተው? ጾሙ የደስታ ጾም ነው ልጄ። እንግዳው መምጣቱን እያወቅን ቤት የምንጠርግበት ነው።»

እንባዬ መጣ፣ ደግሞ ሳቄም መጣ። እኔ ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ የምጾመው ለእግዚአብሔር እንደሚያስታውስ ሰው ነበር፣ እሱ የረሳኝ ይመስል። አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉና ንስሐ ገብቼ ተቀብዬው የማላውቀውን ቀኖና ሰጡኝ።

«ቀኖናህ መብላት ነው። የጾም ምግብ ይሁን፣ ግን ጧት ብላ፣ ቀን ብላ፣ ማታ ብላ። ክኒኑን ከየምግቡ በኋላ ዋጥ። አንድ ጊዜ ብታጎድል ለእኔ ትጠየቃለህ። እናኑ፣ አንቺ ምስክር ነሽ።»

እናኑ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔን ለመመገብ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ስትሰጣት እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ሰኞ ሐኪሙ ጋ ሄድንና ሁሉንም ነገርሁት። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ፣ «አልጠየቁኝም» አልሁት። ይቆጣኛል ስል ፈገግ አለ። የሱም እናት ጾመኛ ናቸውና ያውቀው እንደነበር፣ ግን ስለ ጉበቴ ሲያስብ ሆዴን መርሳቱን ነገረኝ። ጎኔን ዳሰሰና ትንሽ ጊዜ እንዳለን፣ ክኒኑን ከመጀመሪያ በትክክል እንድጀምር፣ እንደገና አምስት ቀን እንደሚጠብቀኝ፣ በመሀሉ ውጋቱ በድንገት ከጠና ግን በሌሊትም ቢሆን እንድመጣ አዘዘኝ። እናንተም ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ጾመኛ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ተቅማጥም ከሆነ ተናገሩ፣ እፍረት አያድንም።

ሁለተኛው አምስት ቀን ተጀመረ። በነቢያት ጾም ጧት ቁርስ መብላት ለኔ ስርቆት ነው የመሰለኝ። እትዬ ጥሩነሽ እንዳያዩኝ በሩን ዘግቼ ከበሩ ኋላ ተቀምጬ እበላለሁ። እናኑ ፊት ለፊቴ ቆማ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኗ ታደርሰዋለች። ክኒኑ አፌን ብረት ብረት ይለኛል፣ ሽሮውም ብረት ይመስለኛል፤ ቀኖና ነውና ዋጥሁት። ልጆቹ ሳንባ እንዳልሆነ ከታወቀ ወዲህ መግባት ተፈቅዶላቸው ነበር፣ ትንሿ «አባዬ ዛሬም ቀኖናውን በላ» ብላ ለሠፈሩ አወራች። ከዚያ ወዲያ በሩን መዝጋቱን ተውሁት።

በሦስተኛው ቀን ጧት ተኝቼ ሳለ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ውጋት አይደለም፣ ብርድም አይደለም። ራበኝ። ከመስቀል ጀምሮ ምግብ ሲቀርብ ፊቴን አዞር የነበርሁ ሰው ራበኝ ብዬ ተጣራሁ። እናኑ እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ መጣችና ምን አልህ አለችኝ። ራበኝ አልኋት። እንደገና በል አለችኝ። ራበኝ። ሊጥ በሆነ እጇ ግንባሬን ነካችው፣ ቀዝቃዛ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ሊጥ ግንባሬ ላይ ይዤ አለቀስሁ፣ ልጆቹ ሁለታችንንም አይተው ሳቁ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ከጎድን አጥንቴ ሥር ጫን አደረገኝ። ለመጮህ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ጩኸቱ አልመጣም። ደገመው፣ ትንሽ ህመም እንጂ ሌላ የለም። ቢላዋው ቀርቷል አለኝ። መድኃኒቱን እስኪያልቅ እንድጨርስ፣ ውኃ አፍልቼ እንድጠጣ፣ ሥራ ገና እንዳልገባ አዘዘኝ። በዚያ ሳምንት እሑድ ብርሃን ነበር፣ በሚቀጥለው ኖላዊ። ሁለቱንም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ድረስ በእግሬ ሄጄ በውጭ ቆሜ ሰማሁ። ዜማውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ነቢያቱ ይመጣል ይመጣል ሲሉ እኔ በውስጤ አዎ መጥቷል፣ መጥቷል እያልሁ እመልስላቸው ነበር። ከደስታዬ ብዛት ድምፄ ወጥቶ አንድ መምህር ዞር ብለው አዩኝ፣ ለማኅሌት እንዳልተፈጠርሁም ወዲያው ሳይገባቸው አልቀረም።

ገና ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ገድፈን፣ ጠገብን፣ ልጆቹን ይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ሜዳው ላይ ጎልማሶቹ የገና ጨዋታ እየተጫወቱ አቧራው ይጨሳል። እኔ ከታመምሁ ወዲህ ሐይቁን እንደዚያ ቀርቤ አላየሁትም ነበር፣ ታንኳዎቹን ሳይ ሁሉም አዲስ መሰሉኝ። እናኑ ሾላው ሥር ተቀምጣ ስለ ልጆቹ ጫማ እየነገረችኝ ነበር። መሀል ላይ ድምፅዋ ጠፋ። ዞር ስል ግንዱን ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ጨዋታ አላነቃትም። ያን ጊዜ ነው ያሰብሁት። በየሌሊቱ ላብ አጥምቆኝ ስነቃ ደረቅ ልብስ ይዛ የምትቆመው እሷ ነበረች፣ ስጠራት አንድም ቀን ሁለተኛ ጠርቻት አላውቅም። ከመስቀል እስከ ገና ሚስቴ አልተኛችም፣ እኔም ስለ ራሴ ሳስብ አላየኋትም። ጋቢዬን አውልቄ አለበስኋት፣ ዝንቡንም እሽ እያልሁ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

አብሮኝ ፋብሪካ የሚሠራ ተሾመ የሚባል ጓደኛዬ በዚያ ሲያልፍ እንደዚያ ተዘርራ አያትና ደንግጦ ወደኛ ሮጠ።

«ምን ሆነች? አመማት እንዴ?» አለኝ።

«የለም» አልሁት እንዳትነቃ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እኔ ድኜ ነው።»